አንድ ጥርስ ወደ ኋላ

(መኪናቸውን በራሳቸው እጅ ለሚጠግኑ ሰዎች ከቀረበ ንግግር፣ ለንባብ ተስተካክሎ የተጻፈ)

መካኒክ አይደለሁም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ለትሕትና ብዬ አይደለም፤ ትንሽ ስትቆዩ ራሳችሁ ትመሰክራላችሁ። እንጀራዬ የጠረጴዛ ሥራ ነው፤ መኪናዬን የምፈታው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ከነዚያ ቅዳሜዎች ስለ አንዱ ነው። አንድ ቀን ይፈጃል ያልኩት ሥራ አንድ ወር ከአሥር ቀን አንገላታኝ።

መኪናዬ አሮጌ ናት። አራት ሲሊንደር፣ ካርቡራተር፣ ዲስትሪቢዩተር፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በአጠገቧ አላለፈም። የውሃ ፓምፑ ማንጠባጠብ ጀመረ። በዚህ ሞተር ላይ ፓምፑ የተቀመጠው ከታይሚንግ ቺንጋው ጀርባ ነው፤ ቺንጋው ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ክራንክ ሻፍት ዙሩን ተቀብሎ ቫልቮቹን ለሚከፍተው ካም ሻፍት የሚያደርስ ጥርሳም ቀበቶ ነው፤ እሱን ለመቀየር ቺንጋው መውረድ አለበት። አወረድኩት። ፓምፑን ቀየርኩ፣ ቺንጋውን መለስኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ውሃ ሞላሁ። ሲመሽ ቁልፉን አዞርኩ።

ሞተሪኖው ለረጅም ጊዜ አሽከረከረ። ከዚያ በማርሚታው በኩል አንድ ጊዜ ጧ አለ። ከዚያ ተነሣ፤ ተነሣ ማለት ከተቻለ። ብርድ ብርድ እንዳለው ሰው ይንቀጠቀጣል፤ ቤንዚን ስሰጠው ያቃስታል፤ እግሬን ሳነሣ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ነው ብልህ የሆንኩት። «ገባኝ፣ ታይሚንጉ ነው» አልኩ፤ ብልጭታው የሚመጣበት ጊዜ ማለቴ ነው። ልክም ነበርኩ፤ ችግሩም ልክ መሆኔ ላይ ነው። ብልጭታውን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩን ቡሎን አላላሁ፣ ሞተሩ እየሠራ አካሉን በእጄ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ድምፁ ጠራ። መንቀጥቀጡ ተወ፤ ሚኒሞ ያዘ፣ እግሬን ሳነሣም ሳይጠፋ ቀስ ብሎ ይዞራል ማለት ነው። በጆሮዬ ያገኘሁትን በመሣሪያ ላረጋግጥ ብዬ የታይሚንግ መብራት ተዋስኩ። መጽሐፉ ለዚህ ሞተር የሚያዘው በሚኒሞ፣ ፒስተኑ ከሚደርስበት የላይኛው ጫፍ በፊት 8 ዲግሪ ነው። መብራቱን ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው ፑሌጃ ላይ ሳበራው ትንሽ ገፋ አድርጌ 8 ላይ አቆምኩት። ቡሎኑን አጠበቅሁ፤ እጄን ታጠብኩ፤ በራሴም ኮራሁ።

ወደ ጥፋቱ ከመሄዴ በፊት፣ አዲስ ፊቶች ስለማይ፣ ያ 8 ዲግሪ ምን ማለት እንደሆነ ልናገር።

ቤንዚንና አየር ሲሊንደር ውስጥ ይፈነዳል እንላለን። በጤናማ ሞተር ግን አይፈነዳም፤ ይነዳል። እሳቱ ከካንዴላው ጫፍ ይነሣና በጋዙ ውስጥ እየሰፋ ይሄዳል፤ ይህ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ፒስተኑ ያን ጊዜ ቆሞ አይጠብቅም። እኛ የምንፈልገው የግፊቱ ጣሪያ ፒስተኑ የላይኛውን ጫፍ አልፎ መውረድ ከጀመረ በኋላ፣ ክራንክ ሻፍቱ ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ሲዞር እንዲደርስ ነው። ያኔ ክራንኩ ለመገፋት የሚመች ማዕዘን ይይዛል። ስለዚህ እሳቱ ቀድሞ መለኮስ አለበት፣ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ።

ምን ያህል ቀድሞ? አንድ ስሌት እንሥራ። እሳቱ ዋና ሥራውን ለመጨረስ 2 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር ክራንኩ በ2 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ የሚሄደው 9.6 ዲግሪ ነው። በደቂቃ 3000 ሲዞር በዚያው 2 ሚሊ ሰከንድ 36 ዲግሪ ይሄዳል። እሳቱ ያው እሳት ነው፤ ከሥሩ የሚሮጠው ፒስተን ነው። እርግጥ ዙሩ ሲጨምር ጋዙ በኃይል ስለሚታመስ እሳቱም ይፈጥናል፤ ስሌቱ እንደጻፍኩት ቀጥተኛ አይሆንም። ፒስተኑን ግን ሙሉ በሙሉ አይደርስበትም። ለዚህ ነው ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ በስፕሪንግ የተያዙ ሁለት ትንንሽ ክብደቶች ያሉት፤ ዙር ሲጨምር ወደ ውጭ ይከፈቱና ብልጭታውን ያስቀድሙታል። በጎን የተለጠፈችው ክብ ቆርቆሮ ደግሞ በሞተሩ የመሳብ ኃይል፣ በቫኪዩም፣ ትሠራለች፤ ነዳጅ በቀስታ ስንሰጥ ተጨማሪ ታስቀድማለች።

ይህ ሁሉ በራሱ የሚሆን ነገር ከመምጣቱ በፊት ሾፌሩ ራሱ ነበር የሚያስቀድመው። ፎርድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1908 እስከ 1927 ባመረተው ሞዴል ቲ ላይ ከመሪው ሥር በግራ በኩል አንድ ዘንግ አለች። ከመነሣት በፊት ዘንጓን ወደ ላይ አድርጎ ብልጭታውን ማዘግየት፣ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ወደ ታች ስቦ ማስቀደም የሾፌሩ ሥራ ነበር። በእጅ ማስነሻ የሚያዞር ሰው ማዘግየቱን ከረሳ፣ እሳቱ ገና እየወጣ ያለውን ፒስተን መልሶ ወደ ታች ይመታዋል፤ ማስነሻው ወደ ኋላ ይፈናጠራል፤ የእጅ አንጓ የሰበረውም ይኸው ነው። ዛሬ በጣት ስለምናንቀሳቅሳት ስለዚያች ጥቂት ዲግሪ ሳስብ የሚመጣብኝ ይህ ነው።

ከመጠን በላይ ያስቀደመ ሰው፣ ሞተሩ ሸክም ሲበዛበት የሚሰማውን ያን የብረት ማንኳኳት ያውቀዋል። ሲብስ ፒስተን ይበሳል። ያዘገየ ደግሞ ጉልበቱን ያጣል፤ የጭስ ማውጫ ቫልቩ ሲከፈት እሳቱ ገና እየነደደ ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ማርሚታው ይሄዳል። የእኔ መኪና ቁልፉን ባዞርኩባት ምሽት የነበረችበት ሁኔታ ሁለተኛው ነው።

አሁን ወደ እኔ ነገር ልመለስ።

ሰኞ ሥራ ሄድኩባት። ሜዳ ላይ ደህና ናት። ማክሰኞም ደህና ናት። ረቡዕ አቀበት ስወጣ በሦስተኛ ማርሽ የምትወጣውን አቀበት በሁለተኛም እየለመንኳት ወጣች። ነዳጅ አትወስድም እንዳይባል ትወስዳለች፤ ግን ወዴት እንደሚሄድ እንጃ። የሚያሳስተው ነገር፣ ቤንዚኑን ይዤ ዙሩን ከፍ ካደረግሁት ነፍስ ትዘራለች። «እንግዲያው ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ የሚያንሰው ነዳጅ ነው» አልኩ።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ያደረግሁትን በዝርዝር አላሰለቻችሁም። ካርቡራተሩን ሁለት ጊዜ አጠብኩ። የነዳጅ ማጣሪያ ቀየርኩ። ካንዴላ ቀየርኩ፤ አሮጌዎቹ አንዳች አልነበረባቸውም። ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠውን ቦቢና ጠረጠርኩ። ሰው ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ «ታይሚንጉን አየኸው ወይ?» ሲል መልሱ ዝግጁ ነበር፦ «በመብራት ለካሁት፣ 8 ነው»።

ይህን መልስ ላፍታ ያዙልኝ።

ስለ መብራቱም ጥቂት ልበል። መቆንጠጫውን በአንደኛው ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ላይ ታደርጉታላችሁ። በዚያ ገመድ ውስጥ ኤሌክትሪክ ባለፈ ቁጥር መብራቱ ለቅጽበት ይበራል። ፑሌጃው ላይ ያለችው ጭረት ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ስትደርስ ስለሚበራባት ዓይናችን የቆመች ያህል ያያታል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፑሌጃውም የቆመ ይመስላል። አልቆመም! እጅጌዬን ጠቅልዬ መሥራት የጀመርኩት በዚያ ምሽት ጭረቷን በጣቴ ልጠርግ እጄን ከዘረጋሁ በኋላ ነው፤ ጣቴን ያተረፈው መብራቱ ወዲያው ከእጄ ሸርተት ብሎ ሁሉም ነገር እንደገና መሽከርከሩን ማየቴ ነው። ከመለካታችሁ በፊት የቫኪዩሟን ቱቦ ንቀሉና ጫፉን ድፈኑ፤ ሚኒሞውንም መጽሐፉ ያዘዘው ዙር ላይ አድርጉ። አለዚያ የምትለኩት ሌላ ነገር ነው።

ደግሞም መብራቱ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ብልጭታው ከክራንክ ሻፍቱ አንጻር መቼ እንደመጣ። ቫልቮቹ መቼ እንደሚከፈቱና እንደሚዘጉ አያይም። ቫልቭ የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም።

በአራተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጬ የኮምፕሬሽን መለኪያ ተዋስኩ፣ ፒስተኑ ጋዙን ምን ያህል እንደሚጨምቅ የሚያሳይ። ካንዴላዎቹን ሁሉ አወጣሁ፣ ቦቢናውን ነቀልኩ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ረግጬ ሞተሪኖውን አሽከረከርኩ። አንደኛው 8 ተኩል ባር። ሁለተኛው 8 ተኩል። ሦስተኛው ትንሽ አለፍ ያለ። አራተኛው 8 ተኩል። ይህ ሞተር ጤነኛ ሲሆን ከ10 በላይ ነው የሚሰጠው።

ቁጥሩን ሳየው መጀመሪያ የመጣብኝ «ሞተሩ አለቀ» የሚል ነበር፤ ቀለበቶቹ ተበልተዋል፣ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ይውረድ። ግን አንድ ነገር አልገጠመልኝም። አራቱም እኩል ናቸው። አሮጌ ሞተር እንዲህ በሰልፍ አያረጅም፤ አንዱ ቀድሞ ይደክማል፣ አንዱ ይጠነክራል። አራቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ልክ ከደከሙ፣ አራቱንም በአንድ ጊዜ የሚነካ ነገር ነው መፈለግ ያለበት። ደግሞ ከውሃ ፓምፑ በፊት እንዲህ አልነበረችም።

የቫኪዩም መለኪያም አገኘሁና ከመሳቢያው ቱቦ ጋር አገናኘሁት። ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል። የእኔዋ 14 ላይ ቆመች፤ መርፌዋ ሳትንቀጠቀጥ፣ ጸጥ ብላ። የተቃጠለ ቫልቭ ቢኖር መርፌዋ በየዙሩ ትመታለች። ጸጥ ብሎ ዝቅ ማለት የሚያመለክተው መዘግየትን ነው፤ የብልጭታ ወይም የቫልቭ። ብልጭታው 8 ነው። እንግዲያው…

እንግዲያው አላልኩም፣ እውነቱን ለመናገር። ያን ያህል ብልህ አይደለሁም። ያገኘሁት ራሴን ይዤ ሞተሩ ላይ ተደፍቼ ሳለ ነው።

የዲስትሪቢዩተሩን እግር ታውቁታላችሁ፤ እንደ ሙዝ የታጠፈች ረዘም ያለች ቀዳዳ አለችው። ማያዣው ቡሎን በዚያች ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል፤ ቡሎኑ ሲላላ አካሉን ወደዚህም ወደዚያም የምናዞረው በእሷ ልክ ነው። የእኔው ቡሎን ከቀዳዳዋ አንድ ጫፍ ደርሶ ተጣብቋል። ከዚያ ወዲያ የሚሄድበት የለውም። ይህን ያን ምሽትም አይቼው ይሆናል፤ ትዝ የሚለኝ «አጋጣሚ ነው ልክ በልክ የበቃው» ማለቴ ነው። አሁን ግን ከቡሎኑ ራቅ ብሎ፣ ከቀዳዳዋ መሃል ላይ፣ ሌላ ነገር አየሁ። በዘይትና በአቧራ በጠቆረው አሉሚኒየም ላይ አንዲት ንጹሕ፣ የምታበራ፣ ትንሽ ዝቅ ያለች ክብ። ሮንዴላው ነው፣ ከቡሎኑ ራስ ሥር የሚገባው ቀለበት። ከዚያች ቅዳሜ በፊት ለዓመታት ተጣብቆ የኖረበት ቦታ አሻራው ቀርቶ ነበር።

ጣቴን አሻራው ላይ አድርጌ ቡሎኑን አየሁት። ዲስትሪቢዩተሩን ያዞርኩት ጥቂት ዲግሪ አልነበረም፤ በብዙ ነው ያዞርኩት። የውሃ ፓምፕ የቀየረ ሰው ለምንድን ነው ዲስትሪቢዩተር ይህን ያህል ማዞር ያስፈለገው?

አሁን ስሌቱ ይገጥማል። በዚህ ሞተር የክራንኩ ጥርሳም ፑሌጃ 20 ጥርስ አለው፤ የካም ሻፍቱ 40። ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካሙ አንድ ጊዜ የሚዞረው ለዚህ ነው። ቺንጋው አንድ ጥርስ ስቶ ከተገጠመ፣ 360 ለ20 ሲካፈል፣ በክራንክ 18 ዲግሪ ስህተት ነው። ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞረው ደግሞ ያው ካም ሻፍት ነው። ካሙ 18 ሲዘገይ ብልጭታውም አብሮ 18 ይዘገያል። ከላይኛው ጫፍ 8 ዲግሪ ቀድሞ መምጣት የነበረበት ብልጭታ 10 ዲግሪ ዘግይቶ መጣ። ያ መንቀጥቀጥ፣ ያ በማርሚታው የተሰማው ጧታ፣ ይኸው ነው።

እኔ ምን አደረግሁ? ዲስትሪቢዩተሩን ከሮተሩ አዟዟር በተቃራኒ አዞርኩና ብልጭታውን 18 ዲግሪ አስቀደምኩት። ብልጭታው ወደ ቦታው ተመለሰ። ቫልቮቹ ግን እዚያው ቀሩ፣ አንድ ጥርስ ወደ ኋላ። መብራቱም መጥቶ ሥራዬን አጸደቀልኝ።

ዛሬ እዚህ ለመቆም የተስማማሁት ይችን አንዲት ነገር ለማለት ነው፦ ሞተር ላይ እጃችን የሚደርስበት፣ የሚላላና የሚጠብቅ ነገር፣ የማይስተካከለውን ነገር ጥፋት ይሸፍናል። ዲስትሪቢዩተሩ የተሠራው ለጥቂት ዲግሪ ማረሚያ ነው። እኔ የቺንጋ ስህተት አስከፈልኩት፤ አቅሙ እስከቻለ ከፈለልኝ። ካርቡራተር ላይም ይኸው ነው፤ አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ ቱቦ ያለበት ሰው የነዳጅ ዊንጧን እየከፈተ ሚኒሞ ያስይዛል፣ ቱቦው ግን እንደተሰነጠቀ ነው።

ቫልቮቹ ዘግይተው ምን እንዳደረጉ ካወቅሁ በኋላ አቀበቱም ገባኝ። የመሳቢያ ቫልቩ ዘግይቶ ሲዘጋ፣ ወደ ላይ መውጣት የጀመረው ፒስተን ከገባው ጋዝ የተወሰነውን መልሶ ወደ መሳቢያው ይገፋዋል። የሚጨመቀው ይቀንሳል፤ ኮምፕሬሽኑ በአራቱም እኩል ይወርዳል። ዙሩ ከፍ ሲል ግን ጋዙ በራሱ ፍጥነት እየተገፋ ስለሚገባ መዘግየቱ ያን ያህል አይጎዳም። ለካ ዙር ሳበዛ ነፍስ የዘራችው ለዚህ ነው። እኔ ነዳጅ አነሳት ብዬ ካርቡራተር አጥባለሁ።

ጥርሱ እንዴት ሳተ? ሁለት ነገር አደረግሁ፤ ሁለቱም የሰነፍ ናቸው። ቺንጋው ሲገጠም ከማወጠሪያው ተቃራኒ ያለው ጎን፣ ክራንኩ ካሙን የሚጎትትበት ጎን ማለት ነው፣ መወጠር አለበት፤ መላላት ያለበት የማወጠሪያው ጎን ብቻ ነው። እኔ በጎታቹ ጎን ጥቂት ልልነት ትቼ ነበር፣ በምልክቶቹ መካከል አንድ ጥርስ ትርፍ። ሞተሩ ሲዞር ክራንኩ መጀመሪያ ያን ልልነት ጠጣ፤ ካሙ ከኋላ ቀረ። ሁለተኛው ዓይኔ ነው። የታችኛውን ምልክት ያየሁት ከላይ አዘንብዬ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ፊት ለፊት ማየት ጉልበት ይጠይቃል፣ መሽቶ ነበር። ከላይ ሲያዩት የተገጣጠመ የሚመስል ምልክት ፊት ለፊት ሲያዩት ግማሽ ጥርስ ይርቃል።

በዚህ ላይ ሦስተኛውን ጨምሩ። ክዳኑን ከመግጠም በፊት ክራንኩን በመፍቻ፣ በእጅ፣ በሚዞርበት አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር ማዞርና ምልክቶቹ መመለሳቸውን ማየት ያስፈልጋል። ሁለት ዙር የሚሆነው ካሙ ወደ ቦታው የሚመለሰው በሁለት ስለሆነ ነው። ይህን አላደረግሁም። ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። በእጅ መሆኑም ለምክንያት ነው፤ ፒስተንና ቫልቭ የሚገናኙበት ሞተር ላይ ቺንጋው ብዙ ጥርስ ከሳተ፣ በእጅ ሲዞር ይቆምና ያስጠነቅቃችኋል፤ ሞተሪኖ ግን አያስጠነቅቅም፣ ቫልቩን አጥፎት ያልፋል። እኔን አንድ ጥርስ ብቻ መሆኑ አተረፈኝ።

ጥገናውን ባጭሩ ልናገረው፤ የሚገርመው ክፍል ምርመራው እንጂ ጥገናው አይደለምና። አንድ ነገር ላይ ግን ልቆይ፣ ዜሮው ላይ። ያን ሁሉ ካየሁ በኋላ ፑሌጃው ላይ ያለችውን የዜሮ ጭረትም ማመን አቃተኝ። ያለ ምክንያትም አይደለም። ብዙ ፑሌጃዎች ከሁለት ብረት የተሠሩ ናቸው፣ በመካከላቸው ጎማ አለ፤ ጎማው ሲያረጅ የውጭው ቀለበት ይንሸራተትና ጭረቷም አብራ ትሄዳለች። ያኔ መብራቱ በትክክል የሚለካው የተሳሳተውን ነው።

ብዙ ሰው የላይኛውን ጫፍ የሚፈልገው በካንዴላ ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብቶ፣ ከፍ ብሎ የቆመበትን በማየት ነው። ለግምት ይበቃል፤ ለልኬት አይበቃም። ፒስተኑ ጫፉ አካባቢ የቆመ ያህል ነው፦ 80 ሚሊ ሜትር በሚጓዝ ፒስተን፣ ክራንኩ ከጫፉ 5 ዲግሪ ሲርቅ ፒስተኑ የወረደው 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በካቻቢቴ ይህን የሚያይ ዓይን የለም። የተሻለው መንገድ ይኸው፦ ካንዴላዎቹን ሁሉ አውጡ፤ በአንደኛው ቀዳዳ ፒስተኑ ጫፉ ላይ ሳይደርስ የሚያስቆመው፣ በካንዴላ ጥርስ የሚታሰር ማቆሚያ ግጠሙ። ክራንኩን በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ ሲነካ ቁሙና ፑሌጃው ላይ ምልክት አድርጉ። ወደ ሌላው አቅጣጫ አዙሩ፤ ሲነካ እንደገና ምልክት አድርጉ። ትክክለኛው ጫፍ የሁለቱ ምልክቶች እኩሌታ ነው። አንዳንድ መጻሕፍት ባለ ቺንጋ ሞተር ወደ ኋላ አይዞርም ይላሉ፤ ያንን ቀድማችሁ አንብቡ። የእኔዋ ጭረት እውነተኛ ሆና ተገኘች። የጠረጠርኳት እሷም ንጹሕ ነበረች።

ከዚያ ክዳኑን ፈታሁ። ክራንኩን ዜሮ ላይ አደረግሁ፤ ጎንበስ ብዬ፣ ጉንጬ መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ፊት ለፊት አየሁት። የካሙ ነጥብ ከቴስታታው ጭረት አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ቀርታለች። ማወጠሪያውን አላላሁ፣ ቺንጋውን ከካሙ ፑሌጃ ሸርተት አድርጌ ካሙን አንድ ጥርስ አስቀደምኩ፣ ጎታቹን ጎን ወጥሬ መለስኩት። ሁለት ዙር በእጅ። ምልክቶቹ መጡ። ሁለት ዙር እንደገና፤ አላመንኩም ነበርና።

ሞተሩን ከማስነሣቴ በፊት የዲስትሪቢዩተሩን ቡሎን አላላሁና አካሉን ወደ ኋላ መለስኩት፣ ሮንዴላው ያቺ የምታበራ ክብ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ። ገጭ ብሎ ነው የገባባት፤ ለራሷ የተቆፈረች ናትና። ከዚያ ቁልፉን አዞርኩ። ገና በግማሽ ዙር ተነሣች። መብራቱን ሳበራ ጭረቷ 8 ላይ ነበረች፣ ምናልባት ግማሽ ዲግሪ አለፍ ብላ። የቫኪዩሟ መርፌ 19 ላይ ቆመች። ኮምፕሬሽኑ በማግስቱ ከ10 ተኩል አላነሰም። ታጥባ የመጣችውን ካርቡራተርም እንደገና ማስተካከል ነበረብኝ፤ ለተሳሳተ ሞተር ነበር ያስተካከልኳት።

ከአዳራሹ ከመጡት ጥያቄዎች ሁለቱን ላስገባ።

አንድ ወንድም በዘመናዊ መኪና ላይ ይህ ይደርሳል ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥርስ መሳቱ ይደርሳል፤ መደበቁ ነው የሚከብደው። ዛሬ የሚዞር ዲስትሪቢዩተር የለም፤ ኮምፒውተሩ የክራንኩን ቦታ ከጥርሳም ጎማ ያነብባል። በብዙ መኪና ላይ ይህ ጎማ የ60 ጥርስ ቦታ አለው፣ 6 ዲግሪ በ6 ዲግሪ፣ ሁለቱ ሆን ተብለው የተተዉ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ መነሻውን የሚያውቀው በዚያ ክፍተት ነው። የካሙንም ቦታ ለብቻው ያነብባል። ሁለቱ ካልተስማሙ የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል፤ ፒ 0016 የሚለውን ኮድ ያየ ሰው ካምና ክራንክ ተኳርፈዋል ማለት እንደሆነ ያውቃል። የእኔ መኪና ያን የሚነግራት አልነበራትም።

አንዲት እህት ደግሞ «የሮንዴላው አሻራ ባይኖርስ ኖሮ?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አዲስ ወይም ታጥቦ የተገጠመ ዲስትሪቢዩተር ላይ አሻራ አይኖርምና። እኩል የወረደ ኮምፕሬሽንና ጸጥ ብላ የወረደች መርፌ ይበቁ ነበር። እውነቱን ለመናገር እነሱም አያስፈልጉም ነበር። የላይኛው የቺንጋ ክዳን የሚያዘው በሁለት ቡሎን ነው፣ የ10 ቁጥር መፍቻ። ክራንኩን ዜሮ ላይ አድርጎ፣ ሁለቷን ፈትቶ፣ የካሙን ነጥብ ማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ካርቡራተሯን ሁለት ጊዜ ሳጥብ ክዳኑ እዚያው በክርኔ ሥር ነበር፣ አንዴም እጄ ሳላስበው ነክቶታል፤ አልፈታሁትም፣ ምክንያቱም ያን በገዛ እጄ የሠራሁት ነበር።